በሰው እጅ ላደገ ልጅ የተጻፈው መዝገብ የማን ነው?

ምስጋና ሁሉ ሰውን ፈጥሮ በዘርና በዝምድና ላስተሳሰረው ለአላህ ይሁን። እዝነትና ሰላም በመልእክተኛው በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልንጀሮቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ አንባቢ ሆይ! ዕወቅ፤ በዚህ ክፍል የምናነሣው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን የዘርን፣ የጋብቻን፣ የውርስንና የአደራን ነገር ሁሉ ይነካል። አንድ ሕፃን ወላጆቹ ሞተውበት፣ ወይም ድኽነት አስጨንቋቸው፣ ወይም ጦርነት በትኗቸው በሕፃናት ማሳደጊያ፣ በመጠለያ ጣቢያ ወይም በባዕድ ቤተሰብ እጅ ያደገ እንደ ሆነ፣ ስለ እርሱ ብዙ ወረቀት ይጻፋል። በየትኛው ቀን እንደ መጣ፣ ማን ይዞት እንደ መጣ፣ ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ እናቱ ስትለየው ምን እንዳለች፣ ሐኪሙ ምን ሕመም እንዳገኘበት፣ ሞግዚቱ ስለ ጠባዩ ምን እንደ ታዘበች፣ ይህ ሁሉ ይጻፋል። ልጁ ያድጋል፤ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ግን በሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ጢም አብቅሎ ተመልሶ በሩን ቢያንኳኳና «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» ቢል፣ መዝገቡን የያዘው ሰው ምን ሊመልስለት ይገባል? መዝገቡስ የማን ነው? የጻፈው ሰው ነውን? ወረቀቱንና ቀለሙን የገዛው ድርጅት ነውን? ወይስ የተጻፈበት ሰው?

አንተ ነጋዴ ነህና የአደራን ነገር ከማንም ይልቅ ታውቀዋለህ። የጎንደር ሙስሊሞች በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ወዲህ፣ የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ጭነታቸውን አስነሥተው፣ ልማሊሞን ወርደው፣ በአዲ አርቃይ በኩል አልፈው፣ ተከዜን ተሻግረው እስከ ዓድዋና ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ በቅሎ የደከመችበት ነጋዴ ጭነቱን በባላገር ቤት አስቀምጦ ይሄዳል። ባለቤቱ ቤቱን ሰጠ፣ ዝናብ እንዳይነካው ጠበቀ፣ አይጥ እንዳይበላው ተጨነቀ። ይሁን እንጂ ነጋዴው በተመለሰ ጊዜ «ይህን ያህል ዘመን የጠበቅሁት እኔ ነኝና ጭነቱ የእኔ ነው» ለማለት አይችልም። ሊቃውንቱ «ወዲዓ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ጠባቂው ለድካሙ ምስጋና ይገባዋል፤ አላህ ዘንድም ዋጋ አለው፤ ባለቤትነትን ግን አያገኝም። ስለ ልጁ የተጻፈውን መዝገብም በዚህ ሚዛን አስቀምጠህ ተመልከተው። ወረቀቱ የማሳደጊያው ሊሆን ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ሕይወት ግን የልጁ ነው።

ይህን በበለጠ ለመረዳት ስለ ዱቤ የምትይዘውን ደብተር አስብ። በሱረቱል በቀራህ በ282ኛው አንቀጽ አማኞች በጊዜ የተወሰነ ብድር ሲበዳደሩ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊውም በትክክል እንዲጽፍ፣ ትንሽም ቢሆን ትልቅ ለመጻፍ እንዳይሰለቹ ታዘዋል። ይህን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ለጸሐፊው ቃሉን የሚያስጽፈው አበዳሪው ሳይሆን ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን መታዘዙ ነው። ለምን ይመስልሃል? ጽሑፉ የሚይዘው እርሱን ነውና፣ ሳያውቀውና ሳይናገረው በስሙ ላይ ነገር እንዳይጻፍበት ነው። ማስጻፍ የማይችል የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ዋቢው በእርሱ ፈንታ በትክክል ያስጽፋል። እንግዲህ በማሳደጊያ ያለ ሕፃን ቃሉን የሚያስጽፍበት አንደበት የለውም። ሌሎች ስለ እርሱ ይናገራሉ፤ ሌሎች ይጽፋሉ፤ ሌሎች ይፈርማሉ። የሃያ ብር ዕዳ ያለበት ሰው የተጻፈበትን የማወቅ መብት ካለው፣ ስሙ፣ ዘሩና የልጅነቱ ዘመን በሙሉ በሌላ ሰው ብዕር የተጻፈበት ሰው ምን ያህል ይበልጥ መብት ሊኖረው ነው!

ከዚህም የበለጠ አለ። በሱረቱል ኢስራእ (13ኛውና 14ኛው አንቀጽ) በትንሣኤ ቀን ለእያንዳንዱ ሰው የገዛ ራሱ መጽሐፍ ተዘርግቶ እንደሚሰጠውና ራሱ እንዲያነበው እንደሚታዘዝ ተነግሮናል። ያንን መጽሐፍ የጻፉት መላእክት ናቸው፤ አይሳሳቱም፤ ጉቦ አይበሉም፤ ቀን አያዛቡም። ጌታችንም ያለዚያ መጽሐፍ ሁሉን ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ሰውየው መዝገቡን ሳያይ አይፈረድበትም። ስሕተት የሌለበት መጽሐፍ ለባለቤቱ ከተነበበ፣ በደከመ ጸሐፊ እጅ፣ በችኮላ፣ አንዳንድ ጊዜም በሐሰት የተጻፈ መዝገብ ከባለቤቱ የሚደበቅበት ምክንያት ከየት ይመጣል?

አንባቢ ሆይ! «ያሳደጉት ሰዎች ይበቁታል፤ የኋላውን ቆፍሮ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ታገኛለህ። ይህ ቃል ከክፋት ላይመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከፍቅር ይመጣል። ነገር ግን የዘይድ ኢብን ሐሪሣህን ታሪክ አስታውስ። ዘይድ ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ዘመዶቿን ሊጠይቅ ሄዶ በወራሪዎች እጅ ወደቀ፤ በዑካዝ ገበያም ተሸጠ። ሐኪም ኢብን ሒዛም ለአክስቱ ለኸዲጃ ገዛው፤ እርሷም ለነቢዩ ሰጠቻቸው። አባቱ ሐሪሣህ በልጁ ናፍቆት ሲያለቅስ ኖረ። በመጨረሻ ለሐጅ ወደ መካ የመጡ የነገዱ ሰዎች ዘይድን አዩት፤ ዐወቁት፤ ለአባቱም ወሬ አደረሱለት። አባትና አጎት ቤዛ ይዘው መጡ። ነቢዩ ምን አደረጉ? ልጁን አልሸሸጉም፤ «እነዚህን አላውቃቸውም» አላሉም፤ ቤዛውንም አልጠየቁም፤ ዘይድን ጠርተው ከሁለቱ እንዲመርጥ ነጻነት ሰጡት። ዘይድም አባቱንና አጎቱን መሆናቸውን ዐውቆ፣ ከነቢዩ ጋር መኖርን መረጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ዘይድ የመረጠው ካወቀ በኋላ ነው። ያሳዳጊዎች ፍርሃት ሁሉ «ቢያውቅ ትቶን ይሄዳል» የሚል ነው። ዘይድ ግን ዐወቀ፤ አልሄደምም። ነቢዩም በዚያን ጊዜ ልጃቸው መሆኑን በሕዝብ ፊት ተናገሩ፤ ሰዎችም «ዘይድ ኢብን ሙሐመድ» ይሉት ጀመር። ከዚያ በኋላ ግን በሱረቱል አሕዛብ በ5ኛው አንቀጽ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ ትእዛዝ ወረደ፤ ዘይድም እንደ ገና የሐሪሣህ ልጅ ተባለ። ፍቅሩ ቀነሰን? ከቶ አልቀነሰም። ከሶሓቦች መካከል በቁርኣን ውስጥ ስሙ የተጠራ ከእርሱ በቀር የለም። ስለዚህ ሃይማኖታችን የከለከለው የሰውን ልጅ ማሳደግን አይደለም፤ የቲምን ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። የከለከለው የልጁን እውነተኛ ስም ከእርሱ መውሰድን ነው። ከእኛ ዘንድ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ሁለቱን ያቀላቅላሉ፤ ልጁን ይወዱታልና ዘሩን ይደብቁበታል።

መደበቁም በአንድ ሰው ልብ ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳት አይደለም። ኒካሕ የሚከለከልባት ሴት አለች፤ በሥጋ እኅት፣ ወይም በጡት እኅት የሆነች። ዑቅባህ ኢብን አል-ሓሪሥ የተባለው ሶሓባ ሚስት ካገባ በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ሁለቱንም እንዳጠባቻቸው ነገረችው። እርሱ ይህን ፈጽሞ አልሰማም ነበር። ግመሉን ጭኖ ከመካ እስከ መዲና ለመጠየቅ ተጓዘ፤ ነቢዩም ነገሩ ከተባለ በኋላ ጋብቻው እንዴት ይቀጥላል ብለው ስላሉት ተለያት። አንዲት አጥቢ በጊዜው ሳትናገር በመቅረቷ ስንት ነገር እንደ ፈረሰ ተመልከት! በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ማን እንዳጠባው፣ ወንድምና እኅት እንዳለውና እንደሌለው፣ አብረውት ከአንድ መንደር የመጡት እነማን እንደ ነበሩ የሚያውቀው ከዚያ መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ውርስም እንዲሁ ነው። አባቱ በአንድ ቀበሌ መሬትና ቤት ትቶ ሞቶ ሳለ፣ ልጁ በሌላ አገር የማንም ልጅ እንዳልሆነ ሆኖ ይኖራል።

ይህ ነገር የሩቅ ታሪክ እንዳይመስልህ በአገራችን የሆነውን እንንገርህ። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከኦሮሞ ወገኖቻችን ልማድና ቋንቋ የመጣ ነው፤ ልጁም ከሕዝብ ተደብቆ ሳይሆን በሽማግሌዎችና በጎረቤት ፊት የሚሰጥበት ሥርዓት ነበር። በዘመናችን ግን ይኸው ቃል ልጆችን በአየር ላይ ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከ2,500 በላይ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ከቻይና በቀር የሚበልጠን አገር አልነበረም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ቅን ሰዎች እጅ ገብተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጥያቄ ሲበዛ ገንዘብ ገባበት፤ ገንዘብ በገባበትም ወረቀት መዋሸት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ አንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተከሰሱበት ነገር ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሐሰተኛ የጉዲፈቻ ውል አቅርበዋል የሚል ነበር። ውሉን የፈረመው ማሳደጊያ፣ ልጁ አንድ ቀን እንኳ ያልኖረበት ማሳደጊያ ሆኖ ተገኘ። ከተከሰሱት መካከልም ጥፋቷን ያመነች አለች።

ይህን ልብ በል! ልጁ አድጎ መዝገቡን ቢጠይቅ የሚያገኘው ያልኖረበትን ቤት፣ የማያውቀውን ሞግዚት ስም ነው። በሕይወት ያለች እናቱ በወረቀት ላይ ሞታለች። አንዱ ልጅ ስለ ዘሩ ምንም ሳያገኝ ይቀራል፤ ሌላው ሐሰቱን አግኝቶ በሐሰቱ ይኖራል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አላህ ያውቃል። የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ኃጢአቶች የሚቆጠረው ቃሉ በተነገረ ጊዜ ስለማያልቅ ነው። ቀኑ ያልፋል፤ የመሰከረው ሰው ይሞታል፤ ጽሑፉ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲመሰክር ይኖራል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2018፣ ማለትም በ2010 ዓ.ም.፣ ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለ። ክልከላው የወደፊቱን በር ዘጋ፤ የሄዱትን ግን አልመለሰም። በልጅነታቸው የተወሰዱት ዛሬ ወጣቶች ሆነው በየዓመቱ ወደ አገራችን ይመጣሉ፤ ፎቶግራፍና አንድ ገጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘው መንደር ለመንደር ይጠይቃሉ። ሕጉ አይቃወማቸውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) ደግሞ ሰው ስለ ራሱ በሌላ እጅ ያለውን መረጃ ለመጠየቅ መንገድ ከፍቶለታል። ነገር ግን በአዋጅ የተጻፈ መብት በጓዳ ያለ ሣጥን ካልተከፈተለት ምን ይጠቅማል? የልደት ምዝገባ በአገሪቱ ሁሉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ለብዙው ሕፃን የማሳደጊያው ደብተር ብቸኛው የልደት ጽሑፉ ነው።

ይህ ጭንቀት የድኻ አገር ጭንቀት ብቻ እንዳይመስልህ። በእንግሊዝ አገር ግራሃም ጋስኪን የተባለ ሰው እናቱ ሞታበት ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ 18 ዓመቱ በሊቨርፑል ከተማ አስተዳደር ጥበቃ ሥር ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው ሲዘዋወር አደገ። ካደገ በኋላ በልጅነቱ በደል እንደ ደረሰበት ተናግሮ ፋይሉን እንዲያሳዩት ጠየቀ። አስተዳደሩም «በፋይሉ ውስጥ ሐኪሞች፣ መምህራንና አሳዳጊዎች በምስጢር የሰጡት ቃል አለ፤ እነርሱ ካልፈቀዱ አናሳይም» አለው። ከፊሎቹ ፈቀዱ፤ ከፊሎቹ እምቢ አሉ፤ አንዳንዶቹም ሊገኙ አልቻሉም። ነገሩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1989 በሰጠው ፍርድ የምስጢርን ነገር ፈጽሞ አልናቀም፤ ነገር ግን ቃል የሰጠው ሰው እምቢ ሲል ወይም ሲጠፋ፣ በሁለቱ መካከል ገብቶ የሚመዝን ገለልተኛ ዳኛ አለመኖሩ የሰውየውን መብት ይጥሳል አለ። ፍርዱ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ባለ ጉዳይ በገዛ ራሱ ነገር ዳኛ አይሆንም፤ መዝገቡን የያዘ ቢሮም መዝገቡን ለመስጠትና ለመከልከል ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይገባውም።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። «የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል ተብሎ ተምረናል፤ እናቲቱ በድብቅ ወልዳ፣ በጨለማ አምጥታ፣ ስሟ እንዳይነገር ለምና የሄደች እንደ ሆነስ? ዛሬ ባል አግብታ ልጆች አፍርታ በመንደሯ የተከበረች ብትሆንስ?» ትል ይሆናል። ይህን ተቃውሞ እንደ ቀላል የሚያልፈው ሰው የሴትን ችግር አያውቅም። በፈረንሳይ አገር ሴት ስሟን ሳትገልጽ እንድትወልድ ሕግ ይፈቅዳል፤ እንዲህ የተወለደች አንዲት ሴት የእናቷን ስም ለማወቅ ከስሳ፣ ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ለፈረንሳይ ፈረደ፤ አገሪቱ ቀደም ብላ እናቲቱን በምስጢር ፈልጎ ፈቃዷን የሚጠይቅ ሸንጎ አቋቁማ ነበርና። የዳኞቹም ሐሳብ ተከፋፍሎ ነበር። በእኛ አስተያየት ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ነውርን መሸፈን ማለት ነውሩን በገበያ አለመናገር ነው፤ ልጅን ከእናቱ መሸሸግ አይደለም። በሸሪዓችንም ልጅ አባቱ ባይታወቅ እንኳ ከእናቱ ጋር ያለው ዝምድናና ውርስ አይቋረጥም። ስለዚህ መዝገቡን የያዘው ሰው ስሙን በአደባባይ አይጠራም፤ ወደ ባሏ ቤት ሰው አይልክም፤ ይልቁንም አንዲት አስተዋይ ሴት ወይም አንድ ምስጢር ጠባቂ ሽማግሌ አስቀድሞ ለእናቲቱ ያደርሳል፤ በምን ሰዓት፣ በማን ቤት ልታየው እንደምትችል ትናገራለች። ልጁም ማወቅ የተፈቀደለት ለማዋረድ አለመሆኑን ይነገረዋል። እናቲቱ ጨርሳ እምቢ ብትል ደግሞ ጉዳዩ ለዳኛ ይቅረብ፤ ነገር ግን ስለ ልጁ ሕመም፣ ስለ ልደቱ ቀንና ስለ ተገኘበት ሥፍራ የተጻፈው ከእርሷ ምስጢር ተነጥሎ የእርሱ ነውና፣ ያ በማንም ምክንያት ሊከለከል አይገባውም።

«ቢያነበው ይጎዳዋል» የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው። እውነት ነው፤ በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ የሚያቆስል ቃል ይገኛል። አንዲት የተሰላቸች ሞግዚት በአንድ ክፉ ቀን «ልጁ ግትርና ሌባ ነው» ብላ ጽፋ ይሆናል። ሱረቱን-ኒሳእ በ6ኛው አንቀጽ የየቲሞች ጠባቂ ምን እንደሚያደርግ ያስተምረናል፤ ልጆቹን ለጋብቻ እስኪደርሱ ይፈትናቸዋል፤ ማስተዋልን ያየባቸው እንደ ሆነ ገንዘባቸውን ይመልስላቸዋል፤ ሲመልስም ምስክር ያቆማል። ዕድሜ፣ ማስተዋልና ምስክር፣ እነዚህ ሦስቱ ለመዝገቡም ይሠራሉ። ለአሥር ዓመት ልጅ ሁሉን አንዘረግፍም። ለዐዋቂው ግን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አድርገን፣ ያልተረዳውን የምናስረዳው ሆነን እንሰጠዋለን፤ ሐሰት ነው የሚለውም ካለ የእርሱ ቃል ከጎኑ ይጻፍለታል። ካደገ በኋላ ገንዘቡን «ያባክነዋል» ብሎ የያዘበት ጠባቂ በዳይ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዐዋቂን ሰው «ያዝናል» ብሎ ታሪኩን የሚይዝበትም እንዲሁ ነው። ደግሞስ የማያውቅ ሰው የማያዝን ማን አለህ? ስለ ልደቱ ምንም የማያውቅ ሰው በልቡ የሚስለው ሥዕል ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። «ጣለችኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ እናቱ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ በመጨረሻው ጉልበቷ እንዳደረሰችው ቢያነብ፣ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ግን ሌላ ልቅሶ ነው።

ተጥሎ ስለ ተገኘ ሕፃንም ፉቀሃዎች የደነገጉትን ብትመለከት የጥንቶቹን ጥንቃቄ ታደንቃለህ። ያገኘው ሰው ምስክር እንዲያቆም ይመክራሉ፤ ከሕፃኑ ጋር የተገኘው ልብስም ሆነ ገንዘብ የሕፃኑ ነው ይላሉ፤ ዑመርም (አላህ ይውደድላቸውና) እንዲህ ያለ ሕፃን ይዞ ለመጣ ሰው ልጁ ነጻ መሆኑን፣ ቀለቡም ከሕዝብ ግምጃ ቤት መሆኑን ነግረውታል። እንግዲህ የተጠቀለለበት ጨርቅ የእርሱ ከሆነ፣ ስለዚያ ጨርቅ የተጻፈው መስመር የማን ይሆናል?

ወረቀቱ የጠፋ ወይም የተቃጠለ እንደ ሆነስ? በአደራ ሕግ ጠባቂው ቸል ካላለ በቀር በጠፋው አይጠየቅም። በአንተ አገር በሰሜን ጎንደር ይህን በዓይንህ አይተሃል። ከአዲ አርቃይ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ፣ በማይ ፀብሪ አካባቢ፣ ማይ ዓይኒና አዲ ሐሩሽ የተባሉ የኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያዎች ነበሩ፤ ያለ ወላጅ ድንበር የተሻገሩ ብዙ ልጆችም በዚያ በኅብረት እየኖሩ በሠራተኞች ጥበቃ ያድጉ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የጦርነቱ እሳት እስከ አዲ አርቃይ ደረሰ፤ ሕዝቡም ስደተኛውም ተበተነ፤ ከስደተኞቹ ብዙዎቹ በኋላ በዳባት ወረዳ ዓለም ዋጭ ወደ ተባለው ሥፍራ ተዛወሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ነፍሱን ይዞ የሸሸ ሠራተኛ ፋይል ለምን አልተሸከምክም ተብሎ አይጠየቅም። ጦርነት ሳይኖር፣ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ወይም ስሙ ሲለወጥ «ይህ አሮጌ ወረቀት ነው» ብሎ የጣለው ግን ይጠየቃል። በአላጌ የነበረው የሕፃናት አምባ በደርግ ዘመን በጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆችን አሳድጎ ነበር፤ መንግሥቱ ሲለወጥ አምባው ቀረ፤ ሥፍራው የግብርና ማሠልጠኛ ሆነ። ሕንፃ አዲስ ባለቤት ያገኛል። በጓዳው ያለው መዝገብ ግን ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ያው አደራ ነው፤ ሕንፃውን የተረከበ አደራውንም ተረክቧል።

ጽሑፉ ጠፍቶ ሰው የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ምስክርነት ይቀራል። ወጥ ሠሪዋ ታስታውሳለች፤ ዘበኛው ያስታውሳል፤ ልጁን ያከመችው ነርስ ታስታውሳለች። ምስክርነትን መደበቅ ከብድሩ አንቀጽ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ልብን ኃጢአተኛ የሚያደርግ ነገር ተብሏል፤ «አልተጠየቅሁም» ማለትም ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም፤ ጠያቂው ማን እንደሚያውቅለት አያውቅምና።

አሁን ወደ ገዛ ቤትህ ተመለስ። በአዲ አርቃይና በዙሪያው መዝገብ የሚይዝ ማሳደጊያ እምብዛም የለም፤ ማሳደጊያው የሰው ቤት ነው። በ1977ቱ ረኃብ ከመንገድ የተነሣ ልጅ፣ በቅርቡ ጦርነት ከጎረቤት የቀረ ልጅ፣ የሟች አጎት ልጅ፣ በሱቅህ እየላከ እየተላከ ያደገ ልጅ አለ። ስለ እርሱ የሚያውቁት አንተና ባለቤትህ ብቻ ትሆናላችሁ። ለአሥር ኩንታል ጤፍ ዱቤ ደብተር የምትይዝ ሰው፣ ለዚህ ልጅ አንድ ገጽ ጻፍለት። የወለደው አባቱና የአያቱ ስም፤ የእናቱ ስምና አገሯ፤ የመጣበት ወርና ዓመት፤ ማን ይዞት እንደ መጣ፤ ከእርሱ ጋር የተገኘ ዕቃ፤ ያጠባችው ሴት ስምና የልጆቿ ስም፤ የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች። ቀኑን ጻፍ፤ ፈርም፤ ምስክሮቹም ይፈርሙ። ያላወቅኸውን በግምት አትሙላው፤ ባዶውን ተወው። አንድ ቅጂ ለኢማሙ ወይም ለምታምነው ዘመድ ስጥ፤ ሞት ሳይነግርህ ይመጣልና። በቤትሽ የምታሳድጊው እናት ሆይ፣ አንቺም የምታውቂው ከባልሽ ይበልጣልና ቃልሽን አስጽፊ፤ የጡትን ነገር ከሴቶች በቀር የሚያውቀው የለም።

ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም እንግዳ አትርሳው። አንድ ቀን በሱቅህ ደጃፍ አማርኛ የማትናገር ወጣት ከአስተርጓሚ ጋር ቆማ፣ የሕፃን ፎቶግራፍ ይዛ የአንድ ቀበሌ ስም ትጠይቅህ ይሆናል። ስሙ በውጭ ፊደል ተበላሽቶ ተጽፎ ይሆናል፤ ደጋግመህ አስነብባት፤ በአካባቢው ከሚታወቁት የቦታ ስሞች ጋር አስተያየው። ሽማግሌዎችን ሳታማክር ለማንም «ልጅሽ መጣች» ብለህ አትናገር፤ ለእርሷም «እናትሽን አውቃታለሁ» ብለህ በችኮላ ተስፋ አትስጥ፤ ደላላ በመካከል ገብቶ ገንዘብ እንዳይጠይቃትም ተጠንቀቅ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዛ ከሆነ የመዝገቡን ቁጥር ተመልከት፤ የውጭ አገር ጉዲፈቻ የሚጸድቀው በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበርና፣ ዋናው መዝገብ ከዚያ ይጠየቃል። በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የቀረ ደብዳቤ መኖሩንም አብረሃት ሄደህ ጠይቅላት፤ በሩን የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው።